የረፈደ ጣት

እህቴ ቦራም ፍሪጅ ላይ ትጽፋለች፤
ነጩን በር በሰማያዊ ማርከር፣ በሣጥንና በቀስት ሞልታዋለች።
ወተት ላወጣ ስከፍተው
ጨረታው ሁሉ ይዞራል አብሮኝ፤
«ቀስ በል!» ትላለች፣ «በክርንህ ገዢ እንዳታጠፋብኝ።»

ከሥራ ከወጣች ሰባት ወሯ፣
ሠላሳ ስድስት ዕድሜዋ፤
ፈተናው ገና ጢም ላላበቀለ ልጅ የተሰፋ ኮት ነው፣
ትከሻው ላይ ይይዛታል፤
እሷ ግን ማታ ማታ ትለካዋለች፣ አንድ ቀን የሚሰፋ ይመስላታል።

ጠያቂዋ እኔ ነኝ።
በቡሳን ወደብ ዓሣ ተሸካሚ፣
ከነጎማ ቦቲዬ ወንበር ላይ የተሰየምሁ ገምጋሚ።
«ግንባርህን ቋጥር፣ አትሳቅ፣ ሰዓትህን እያየህ አንብብ» ብላኛለች፤
አነባለሁ። የማላውቃት ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ትቀራለች።

«አንድ ሰው አንድ ገጽ ከፈተ እንበል።
ገጹ ተዘርግቶ ሳያልቅ
ባዶዋን ጥግ ለመቶ ገዢ አቅርቢ፣ አጫርቺ፣ ሽጪ፤
ጊዜሽ መቶ ሚሊ ሰከንድ ነው።
እየሣልሽ አስረጂ።»

መቶ ሚሊ ሰከንድ!
ሽፋሽፍት እንኳ ወርዶ አይመለስባት፤
እሷ ግን ወረፋ ትዘረጋባታለች፣ ሰርቨር ትደረድርባታለች፣
ትሠርዛለች፣ በእጅጌዋ ትጠርጋለች፣
«ቆይ፣ ቆይ» ትላለች፣ ደግሞ ከሀ ትጀምራለች።

አንድ ሌሊት፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ጥያቄ አመለጠኝ፦
«አንዱ ገዢ ቢዘገይብሽስ?»
«እስኪመልስ እጠብቀዋለኋ!» አለችኝ።
ሳቄ መጣ። ሕጉን አፈረስሁ፣ ሳቅሁ።

እኛ ዘንድ፣ አልኳት፣ ጎህ ሳይቀድ
ሽማግሌው ማንሶክ የሣጥን ቁልል ላይ ወጥቶ
ያለ ትንፋሽ ያወርደዋል፣ ዜማ ይሁን እርግማን ሳይለይ፤
ገዢው ሁሉ ጣቱን በኮቱ ጥላ ይሸሽጋል፣ ጎረቤቱ እንዳያይ።
ሁለት ጣት፣ አራት ጣት፣ የታጠፈ አውራ ጣት፣
ሁሉንም ባንድ ዓይን ለቅሞ «ተሸጠ!» ይላል ድንገት።
የረፈደ ጣት
አየር ቆጥሮ ወደ ኪሱ ይገባል።
ማንሶክ ይቅርታ አይልም። በረዶው እየቀለጠ ማንን ይጠብቃል?

ቦራም ዝም አለች።
የማርከሩን ክዳን በጥርሷ ይዛ ብዙ ቆመች፣
ከዚያ በእንቁላሉ መደርደሪያ ትይዩ አንዲት መስመር ጎተተች፦
«ሰማንያ ላይ በሩ ይዘጋ።»
ያን ሌሊት ከእኔ ቀድማ ተኛች።

ሐሙስ ዕለት ወደ ሴኡል ሄደች፣ በአዲስ ጥቁር ጫማ፤
ተረከዟ ተልጦ ተመለሰች፣ እያነከሰች በጨለማ።
«አራት ክፍል፣ አምስት ሰዓት» አለች።
«ስለ ጨረታውስ?»
«አንድም ቃል። ዛፍ ገልብጪ አሉኝ፣ ገለበጥሁ፤
ቁጥር ደርድሪ አሉኝ፣ ደረደርሁ።
በመጨረሻ አንዱ፣ ያንተ እኩያ፣ ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣
‹ማስታወቂያ ሲመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?› አለኝ።»
«ምን አልሽው?»
«‹እዘለዋለሁ› አልኩት።
አንዷ ሳቀች። እሱ ግን ጻፈ።»

መልስ የለም እስከ ዛሬ።
የጫማውን ዋጋ ያየሁላት ግን በእኔ ስልክ ነበርና
ያ ጥቁር ጫማ አለቀቀኝም፤
የማዕበል ትንበያ ስከፍት ይቀድመኛል፣
የኳስ ውጤት ስከፍት ተረከዙን አዙሮ ይጠብቀኛል።
እንግዲህ አንድ ቦታ፣ በማላየው ኮት ሥር፣
መቶ ጣት ለእኔ ተነሥቷል፤
አንዱ ገዝቶኛል።
ስንት እንዳወጣሁ የነገረኝ የለም።

ዛሬ ወተት ሳወጣ በክርኔ አሻሸሁት፤
ሰንብቶ ደርቋል። አልጠፋም።